ቴርሞሜትሩ አልተበላሸም ነበር

እንደምን አደራችሁ። መምህራን፣ ወላጆች፣ ከኮሌጅ የመጣችሁ እጩ መምህራን፣ ስለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ።

አንድ የሠራሁትን ስህተት በመንገር ልጀምር። 2003 ዓ.ም. ነው። ማስተማር ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ። እዚሁ አዲስ አበባ አራተኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 58 ልጆች አሉ። የቀኑ ትምህርት ስለ ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ነው። ሌላ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ አስገልብጬ ነበር የማልፈው። ያን ቀን ግን ውሃ አፍልቼ ላሳያቸው ቆርጬ ተነሣሁ። ከቤቴ ስቶቭና ትንሽ ብረት ድስት ይዤ መጣሁ። ከትምህርት ቤቱ የመርጃ መሣሪያ ክፍል ደግሞ አቧራ የጠጡ ሦስት ቴርሞሜትሮች ተገኙ።

ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። ከዚህ መስመር ማንም አያልፍም አልኩ። ልጆቹ ተደራርበው ቆሙ። ውሃው መጀመሪያ ዝም አለ። ቆየት ብሎ ከድስቱ ሥር ጥቃቅን አረፋ ወጣ። ከዚያ ይንተከተክ ጀመር። ቴርሞሜትሩን እኔ ያዝኩና አንዲት ልጅ እንድታነብ ጠራኋት። ጎንበስ ብላ አየች።

"92" አለች።

መጽሐፉ 100 ነው የሚለው። ሁለተኛውን ቴርሞሜትር አስገባሁ። 92። ሦስተኛው ከ92 ትንሽ አለፍ አለ እንጂ 93 አልሞላም። ደነገጥኩ። 58 ልጅ ቆሞ ያየኛል። "ተበላሽቷል፤ ዝም ብላችሁ 100 ብላችሁ ጻፉ" አልኳቸው።

ልጅቷ እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ ሦስቱም ናቸው የተበላሹት?"

"ጻፊ" አልኳት። ጻፈች። ሁሉም ጻፉ። ማታ ደብተራቸውን ሳርም 58ቱም ላይ 100 የሚል አገኘሁ። ለሁሉም ራይት አደረግኩላቸው።

ቴርሞሜትሩ ግን አልተበላሸም ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ውሃውን ከላይ የሚጫነው አየር ሲቀንስ ውሃው በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። በግምት በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ውስጥ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው። መጽሐፉ የጻፈው 100 በባሕር ወለል ደረጃ ያለው ነው። ይህን ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይም መልሼዋለሁ። ግን የተማርኩት ነገር እዚያው ፈተና ወረቀቱ ላይ ቀርቶ ነበር። የገዛ ድስቴ ውስጥ ሲመጣ አላወቅኩትም።

ያን ቀን ልጆቹ ከእኔ የተማሩት ስለ ውሃ አይደለም። ዓይናችሁ ካየው መጽሐፉ ያለው ይበልጣል የሚለውን ነው የተማሩት። ደግሞ በደንብ ነው የተማሩት፤ አንድም ልጅ 92 ብሎ አልጻፈም። ይህ እስካሁን ይቆጨኛል። ያቺን ልጅ ከዚያ በኋላ የት እንደደረሰች አላውቅም። ባገኛት ይቅርታ እጠይቃታለሁ።

ዛሬ የምነግራችሁ ከዚያ ቀን በኋላ የተማርኩትን ነው። ለትንንሽ ልጆች ሳይንስ ስናስተምር መጀመሪያ ነገሩ ራሱ ይምጣ። ቀጥሎ ልጁ ያየውን በራሱ አፍ ይናገር። መጽሐፉም ስክሪኑም ከዚያ በኋላ ይደርሳሉ።

እስቲ ወደ ታች፣ ወደ ሁለተኛ ክፍል ልውሰዳችሁ። ሰባትና ስምንት ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው። እዚህ እሳት አያስፈልግም። እርሾ ይበቃል። ሦስት ባዶ ሃይላንድ እንወስዳለን። ሁለቱ ውስጥ የጤፍ ዱቄት፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ትንሽ ስኳርና እርሾ እንጨምራለን። ሦስተኛው ውስጥ ሁሉም አለ፤ እርሾ ብቻ የለም። በሦስቱም አፍ ላይ ፊኛ እናጠልቃለን። እርሾ ካለባቸው አንዱን ቀዝቃዛ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ እናቆማለን። ከዚያ ልጆቹን እጠይቃለሁ፤ ነገ ጠዋት የትኛው ፊኛ ይነሣል? ሁሉም ግምቱን ይናገራል። ሰሌዳው ላይ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ግምቱን የተናገረ ልጅ በማግሥቱ ሰልፍ ሳይደወል ነው ክፍል በር ላይ የሚገኘው። ይህን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሳይገምት የሚያይ ልጅ ግን ፊኛ ነው የሚያየው።

ጠዋት አንዱ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ባልዲ ውስጥ ያለው ጎበጥ ብሏል። እርሾ የሌለው እንደተኛ ነው። "ውስጡ ምን አለ?" ስላቸው "ንፋስ" አሉ። "እስትንፋስ" ያለም አለ። አንድ ልጅ ግን ብዙ ካሰበ በኋላ "የእንጀራ ዓይን ነው" አለ። ቆም ብዬ አሰብኩበት። እውነቱን ነው። ምጣድ ላይ ዓይን ሆኖ የሚወጣውና ፊኛውን የነፋው አንድ ጋዝ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውን ስም የነገርኳቸው ከዚህ በኋላ ነው። ስሙ ማረፊያ አግኝቶ ገባ። ወዲያው ሌላዋ ልጅ ተነሥታ እናቷ በክረምት ሊጡን ምድጃ አጠገብ እንደምታስቀምጥ ተናገረች። ባልዲው ውስጥ ያለው ፊኛ ለምን እንዳነሰ ማብራሪያውን እሷ ሰጠችን ማለት ነው። እናትየው ሳይንስ ተምራ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ቡኮውን ስንት ዓመት አይታዋለች።

ይህ ሐሳብ የእኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ በ1996 እ.ኤ.አ. አንድ የልጆች ሳይንስ ፕሮግራም ተጀመረ። መሪው ዦርዥ ሻርፓክ ነበር፤ በ1992 እ.ኤ.አ. በፊዚክስ ኖቤል የተሸለመ ሰው። አሜሪካ ቺካጎ ሄዶ ልጆች በእጃቸው እየሠሩ ሳይንስ ሲማሩ አይቶ ነው ሐሳቡን ወደ አገሩ ያመጣው። ልጁ ይገምታል፣ ይሞክራል፣ ያየውን በራሱ ቃል የሙከራ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። የፕሮግራሙ ስም "ላ ማን አ ላ ፓት" ይባላል። ትርጉሙን ሳገኝ ደስ አለኝ። እጅ ሊጥ ውስጥ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቴክኖሎጂው ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ለዚህ እንደመጣችሁ አውቃለሁ።

እኔ ራሴ የፕላዝማ ልጅ ነኝ። 1997 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ስገባ ትምህርቱ በሳተላይት በስክሪን መጣ። በዚያን ጊዜ ትልቅ ነገር ነበር። ቤተ ሙከራ የሌለው ትምህርት ቤት ውስጥ ያለ ልጅ ኬሚካል ቀለም ሲቀይር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው በዚያ ስክሪን ነው። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን በእንግሊዝኛ ነበር፤ ፍጥነቱም አይቻልም። ስክሪኑ ጥያቄ ይጠይቅና ሰዓት ይቆጥራል። እኛ ጥያቄውን ገና ወደ አማርኛ መልሰን ሳንጨርስ መልሱን ራሱ ይናገረዋል። መምህራችን ጥግ ላይ ቆመው ያያሉ። ማስቆም አይችሉም። "አንዴ ይደገምልን" ብንል የሚሰማን የለም። ዛሬ ክፍሌ ውስጥ ፕሮጀክተር ስከፍት ያ ትዝ ይለኛል። ልጅ እጁን ሲያወጣ የማይቆም መሣሪያ ለትንሽ ልጅ አይሆንም።

ሌላም ታሪክ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. "አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ" የሚባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ላሉ መንደሮች ልጆች ታብሌት ሰጠ። ያለ መምህር፣ ካርቶኑ እንደታሸገ። የሰጡት ሰዎች እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘ። እኔ ይህን ስሰማ አልገረመኝም። የቤቴ ልጆችም ስልኬን ከእኔ በተሻለ ያውቁታል። ልጅ ማብሪያውን ለማግኘት እኛን አይፈልግም። ያየው ነገር ካሰበው ጋር ሳይገጥም ሲቀር ግን ግራ ይጋባል። ያኔ አጠገቡ "እስቲ ደግመን እንይ" የሚል ሰው ያስፈልገዋል። እኔ በ2003 ዓ.ም. ያንን ነው ያልሆንኩት።

ወደ ድስቱ ልመለስ። 2015 ዓ.ም. ላይ ሙከራውን ደገምኩት። እንደገና አራተኛ ክፍል፣ እንደገና በጠመኔ መስመር። አሁን ዲጂታል ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ። (ይህን ለመሞከር የምታስቡ ካላችሁ፣ ትኩሳት የምንለካበትን እንዳታስገቡ። እሱ 42 ላይ ያበቃል።) 92 ሲወጣ ምንም አልተናገርኩም። ደብተራቸው ላይ ያዩትን እንዲጽፉ አደረግኩ። ከዚያ መጽሐፉን ገለጥን። 100 ይላል። ክፍሉ ተንጫጫ። መጽሐፉ ተሳስቷል ያሉ ነበሩ። ውሃው ገና አልፈላም ያሉም ነበሩ።

በምሳ ሰዓት ይህንኑ ለምግብ አብሳያችን አጫወትኳቸው። ለልጆቹ ምሳ የሚሠሩ እናት ናቸው። ድሬዳዋ ብዙ ዓመት ኖረዋል። "እኔማ ድሬ እያለሁ ባቄላው ቶሎ ይበስልልኝ ነበር" አሉኝ። "እዚህ ከሰል ይፈጃል እንጂ አይበስልም።" በማግሥቱ ክፍል ድረስ ጠራኋቸውና ለልጆቹ ይህንኑ ነገሯቸው። ልጆቹ እንደዚያ ጸጥ ብለው ሰው ሲሰሙ አይቼ አላውቅም።

ድሬዳዋ አብራኝ ኮሌጅ የተማረች ጓደኛዬ ታስተምራለች። ደወልኩላት። አንድ ቀን ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሁለታችንም ክፍል ውሃ ጣድን። በቴሌግራም ቪዲዮ ተገናኘን። ስልኬን ከፕሮጀክተሩ ጋር አገናኘሁት። ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ ቢሆንም ልጆቹ እጃቸውን እያወዛወዙ ሰላም ይባባላሉ። የእኛው ፈላ፤ 92። ከድሬ በኩል አንድ ልጅ ጮኾ "96!" አለ። የእኔዎቹ "አሸነፉን!" አሉ።

ለምን? ብዬ ጠየቅኩ። ከሞላ ጎደል ሁሉም "ድሬ ሙቀት ስለሆነ" አሉ። መልሱን ልነግራቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። "እንዴት እናረጋግጣለን?" አልኳቸው። ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ አንድ ልጅ "በብርድም በሙቀትም እዚሁ እናፍላው" አለ። ከዚህ የተሻለ ሙከራ እኔም አላስብም ነበር። ታኅሣሥ ስለነበር ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጣቶቻችን ደንዝዘው አፈላን። 92። ከሰዓት 8 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ሲከር አፈላን። 92። ሐሳቡን ያመጣው ልጅ ራሱ "ሙቀቱ አይደለም ማለት ነው" አለ። እስካሁን ድምፁ ጆሮዬ ላይ አለ። የራሱን ግምት ራሱ ሲጥል አላፈረም፤ ኮራ።

ታዲያ ምንድን ነው? ሦስት ቀን ፈጀብን። ድሬ የሄደች አንዲት ልጅ "መኪናው ሲወርድ ጆሮዬ ተደፈነብኝ" ብላ ተናገረች። ሌላው ቀበል አድርጎ ድሬ ቆላ ነው አለ። ይህን ይዤ ባዶ ሃይላንድ አመጣሁ። ክፍል ውስጥ ክዳኑን ጠበቅ አድርገን ዘጋነው። ወደ ድሬ የሚሄድ ዘመድ አግኝቼ ላክሁት። በሁለተኛው ቀን ጓደኛዬ ፎቶ ላከች። ሃይላንዱ ሰው የጨመቀው ይመስል ጎድጉዷል። ክዳኑን ማንም አልነካውም። ልጆቹ ስልኩን እየተቀባበሉ አዩት። "ማን ተጫነው?" አልኳቸው። ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ መጣ። "የድሬ አየር።"

እነሆ፣ 12 ዓመት ሙሉ በቃል ስናገረው የኖርኩት የአየር ግፊት። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በሁለት ቃል ጨረሰው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ቴክኖሎጂው የት እንደነበር ልብ በሉልኝ። አንድ ቴርሞሜትር፣ አንድ ስልክ፣ አንድ ፕሮጀክተር። ስልኩ አላስተማረም። ከአዲስ አበባ ልጅ እጅ ወደ ድሬዳዋ ልጅ እጅ ያለውን መንገድ አሳጠረ። ስክሪን በጣም የሚጠቅመን ደግሞ ዓይን የማይደርስበት ቦታ ላይ ነው። ከሙከራው በኋላ የውሃ ቅንጣቶች ሲሞቁ እንዴት እንደሚራወጡ በኮምፒውተር አሳየኋቸው። ፌት የሚባሉ ነፃ ማሳያዎች አሉ፤ የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው የሚሠራቸው። ካርል ዊማን የሚባል ኖቤል የተሸለመ የፊዚክስ ሊቅ በ2002 እ.ኤ.አ. የጀመረው ነው። አንዴ ከወረዱ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ድስቱን ያላየ ልጅ እነዚያን ቅንጣቶች ጌም ነው የሚላቸው። ድስቱን ያየው ግን "ያ አረፋ ይሄ ነው?" ብሎ ይጠይቃል።

ስልኩ ራሱ መለኪያ እንደሆነም አትርሱ። ፋይፎክስ የሚባል ነፃ መተግበሪያ አለ፤ ጀርመን አኸን ያለ ዩኒቨርሲቲ የሠራው። የስልኩን ውስጣዊ መለኪያዎች ያነባል። አብዛኛው አንድሮይድ ስልክ የብርሃን መለኪያ አለው። ነጠላ አምጥተን አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አራት ጊዜ አጥፈን ስልኩ ላይ እናለብሰዋለን። ቁጥሩ እየወረደ ሲሄድ ልጆቹ ያያሉ። የልጆቹ ስልክ አያስፈልግም። የመምህሩ አንድ ስልክ ይበቃል።

"58 ልጅ ይዤ እንዴት?" የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሁልጊዜ ይመጣል፤ ተገቢም ነው። እኔ ሰባት ሰባት አድርጌ እመድባለሁ። አንዱ ይለካል፣ አንዱ ይጽፋል፣ አንዱ ዕቃ ይጠብቃል፤ በሳምንቱ ይቀያየራሉ። መጀመሪያ ሰሞን ይረብሻል። ዩኒት ሊደሩ በሩን ከፍቶ "ምንድን ነው ይህ ጫጫታ?" ይላል። ታገሡት። በአንድ ወር ውስጥ ልጆቹ ይለምዱታል።

አንድ ሙከራ ደግሞ ምንም ዕቃ አይፈልግም። ጥላ ነው። ግቢ ውስጥ 1 ሜትር እንጨት ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። ጥላው በጣም የሚያጥርበትን ሰዓት ልጆቹ በጠመኔ ምልክት እያደረጉ ይፈልጉት። ሁሉም 6 ሰዓት ነው ብሎ ይገምታል። አዲስ አበባ ላይ ግን 6 ሰዓት ከ25 አካባቢ ነው። ሰዓታችን የተሞላው ከእኛ ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ ላለ መስመር ስለሆነ ፀሐይ እኛ አናት ላይ ዘግይታ ትደርሳለች። ታኅሣሥ 12 ገደማ የዚያ እንጨት ጥላ 64 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ሰሜን ይተኛል። ሰኔ 14 ገደማ 26 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ወደ ደቡብ ይዞራል። አውሮፓ ያለ ልጅ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ሲዞር በአገሩ አያይም። የእኛ ልጅ ያያል። ሚያዝያ 5 ገደማ ደግሞ ጥላው ጨርሶ ይጠፋል፤ ፀሐይ በትክክል አናታችን ላይ ናት። ስልካችሁ ታይም ላፕስ የሚያነሣ ከሆነ አንድ ጥግ አስቀምጡት። የጠዋቱን ጥላ ሙሉ ጉዞ በግማሽ ደቂቃ ያሳያችኋል። ግን ልጆቹ በጠመኔ ምልክት አድርገው ከጨረሱ በኋላ ይዩት። በራሳቸው ምልክት ላይ ጥላው ሲያልፍ ሲያዩ ነው የሚያጨበጭቡት።

ወላጆች፣ ለእናንተ አንድ ነገር ብቻ። ልጃችሁ ማታ መጥቶ "እማዬ፣ ውሃችን 92 ላይ ነው የሚፈላው" ካለ "መጽሐፉ ምን ይላል?" ብላችሁ አትጀምሩ። "እንዴት አወቅህ?" በሉት።

ልጨርስ። በክፍሌ ግድግዳ ላይ ክር ወጥረናል። ክሩ ላይ ወረቀቶች ተሰክተዋል። ድሬዳዋ፣ 1,200 ሜትር፣ 96። አዲስ አበባ፣ 2,350 ሜትር፣ 92። ቀጥሎ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ መምህር ተቀላቀለን፤ 2,840 ሜትር፣ 91 ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው። ክሩ ወደ ላይ ሲቀጥል ራስ ደጀን ላይ 85 አካባቢ ይደርሳል ብለው ልጆቹ ገምተዋል። ወደ ታች ሲወርድ ዜሮ ሜትር ላይ 100ን ያገኘዋል። መጽሐፉ ትክክል የሚሆንበትን ቦታ በራሳቸው ክር አገኙት።

ከዚያ አንዲት ልጅ ወለሉ አጠገብ፣ ከዜሮ በታች አንድ ባዶ ወረቀት ለጠፈች። ላዩ ላይ "ዳሎል" ብላ ጽፋለች። እዚያ መሬቱ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከ100 ትንሽ እንደሚበልጥ ገምታለች። ግን ግምት ወረቀቱ ላይ አይጻፍም የሚለው የክፍላችን ሕግ ነው። እስኪለካ ባዶ ይቆያል።

ከእናንተ መካከል አፋር ውስጥ፣ ወደ ዳሎል ቀረብ ብሎ የሚያስተምር ወዳጅ ያለው ካለ፣ ከስብሰባው በኋላ ስልክ ቁጥሩን ይስጠኝ። ድስትና ውሃ ካላቸው ቴርሞሜትሩን እኔ እልክላቸዋለሁ።